«እስቲ ይቺን ስልክ እያት»፦ የቤተሰብን ስልክ ቀላልና አስተማማኝ ማድረጊያ መመሪያ

ለበዓል ባሕር ዳር የገባ ልጅ ሻንጣውን ሳያወርድ አንድ ሥራ ይጠብቀዋል። «እስቲ ይቺን ስልክ እያት፣ ምን እንደነካት እንጃ» ይባላል። ስልኩ ተንቀራፏል፣ ሚሞሪው ሞልቷል፣ ፎቶ አልቀበልም ብሏል። ልጁ ቡና እስኪፈላ ይነካካና «በቃ ተስተካክሏል» ብሎ ይመልሳል። ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ እዚያው ነው።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። የእናት፣ የአክስት ወይም የአባት ስልክ ሲስተካከል ሥራው የሚጀምረው ከመቀነስ ነው። ስክሪኑ ላይ አርባ ነገር ደርድሮ «ይሄን አትንኪ፣ ያንንም አትንኪ» ማለት ሰውን ማስጨነቅ ብቻ ነው። የማያስፈልገው ይውጣ፣ የሚያስፈራው ይዘጋ። የሚቀረውን ማስተማር ያን ያህል አይከብድም።

ምሳሌዬ አክስቴ ናት። ታና ዳር ዓሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። ብዙ ደንበኛ በስልክ ነው የሚከፍላት። እጇ ከዱቄትና ከዘይት አይላቀቅም፣ መነጽሯን ቤት ትረሳለች፣ ስልኳ ደግሞ የገንዘብ መሳቢያዋ ናት። የእናንተዋ እናት ጡረተኛ ልትሆን ትችላለች፣ አባታችሁ ባጃጅ ሊነዱ ይችላሉ። አካሄዱ ያው ነው።

የምጽፈው ለአንድሮይድ ስልክ ነው። ሳምሰንግ፣ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ የሴቲንጉ ስም ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ያልኩትን ካጣችሁት ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ባለው መፈለጊያ ጻፉት፣ ይመጣል።

መጀመሪያ እዩ

ስልኩን አትቀበሏት። «ለልጅሽ ደውይ እስቲ» በሏትና ጎን ተቀምጣችሁ ተመልከቱ።

አክስቴ ስም ፈልጋ አትደውልም። የተደወሉ ቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ትገባና ወደ ታች እየወረደች በመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ትለያቸዋለች። «ሰባ አራት የእህቴ ልጅ ነው» ትላለች። ይህን ያየ ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ለሷ የሚያስፈልጋት ፊት የሚታይባቸው ጥቂት ትልልቅ ምልክቶች ናቸው፣ የኮንታክት ትምህርት አይደለም።

ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ። በስልኩ ምን ትሠሪበታለሽ? ምኑ ያስፈራሻል? ሲበላሽ ለማን ትሰጪዋለሽ? ሦስተኛውን አትዝለሉት። የሰፈር ልጅ ወይም ሞባይል ቤት የሚነካው ስልክ ብዙ ጊዜ የነሱ አካውንት አለበት።

ደብተር፣ እስክሪብቶና የሷን መታወቂያ አቅርቡ። ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ኔትወርኩ ደህና የሚሆንበትን ሰዓት እናንተ ታውቁታላችሁ።

ስልኩ የማን ነው?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ብዙ እናቶች የሚይዙት ስልክ ግን በወረቀት የነሱ አይደለም።

ሲሙን አስቀድሙ። የወጣው በማን ስም ነው? ከዓመታት በፊት በወንድም፣ በሠራተኛ ወይም በጎረቤት መታወቂያ የወጣ ሲም ዛሬም ሥራ ላይ አለ። ስልኩ የጠፋ ዕለት ሲሙን መልሶ ለማውጣት የተመዘገበው ሰው መታወቂያውን ይዞ መቅረብ አለበት። ያ ሰው አገር ለቆ ከሆነ ቁጥሩ ሄደ። ቁጥሩ ላይ የታሰረው ቴሌብር፣ የባንክ መልእክትና ቴሌግራምም አብሮ ይሄዳል። ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ ያ ሰው ሳይርቅ ሁለቱ አብረው አገልግሎት ማዕከል ሄደው ያዛውሩት።

ቀጥሎ ጂሜይሉ። ሴቲንግ ግቡና ጉግል የሚለውን ንኩ። ከላይ የሚታየው አድራሻ የማን ነው? ብዙ ጊዜ የሻጩ ነው፣ ወይም ሻጩ ለመቶ ደንበኛ የከፈተው አንድ አካውንት። ይህ ማለት የሷ ስልክ ቁጥሮችና ፎቶዎች ወደማታውቀው ሰው አካውንት ሲገለበጡ ከርመዋል ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ስልኩ ከሴቲንግ ውጭ ፎርማት ቢደረግ ደግሞ ሲነሳ ያንኑ ጂሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃል። ፓስወርዱን የሚያውቅ ከሌለ ስልኩ ተቆልፎ ይቀራል። መቆለፊያው ለሌባ ተብሎ የተሠራ ነው፣ እዚህ ግን ባለቤቷን ይይዛታል።

ማስተካከያው ቅደም ተከተል አለው፣ አታገላብጡት።

1. ኮንታክት አፑ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሮቹን በሙሉ ኤክስፖርት አድርጉ። አንድ ፋይል ይወጣል። ፋይሉን ወደ ራሳችሁ ስልክ ላኩት። አካውንት ሲነሳ በሱ የተቀመጡ ቁጥሮች አብረው ስለሚጠፉ ይህን ሳትጨርሱ ወደፊት አትሂዱ።

2. ፎቶዎቹንም ወደ ሌላ ስልክ፣ ፍላሽ ወይም ኮምፒውተር ገልብጡ። የልጅ ልጅ ክርስትና ፎቶ ከጠፋ ምንም ብታስተካክሉ ይቅርታ የለም።

3. በሷ ስም፣ በሷ ስልክ ቁጥር አዲስ ጂሜይል ክፈቱ። የማገገሚያ ቁጥር ሲጠይቅ የሷን አስገቡ። በማገገሚያ ኢሜይልነት ደግሞ የምታምነውን የአንድ ልጇን አድራሻ ጨምሩ።

4. ያንን ፋይል ወደ አዲሱ አካውንት አስገቡ። ቁጥሮቹ ሁሉ መምጣታቸውን ከሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩ።

5. አሁን የድሮውን አካውንት አውጡት።

ፓስወርዱን ደብተሩ ላይ ጻፉት። «ፓስወርድ አይጻፍም» የሚል ምክር ለቢሮ ሰው ይሆናል። ለስድሳ ዓመት እናት ግን የቤት ካርታ ከሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ያለ ደብተር ከሞባይል ቤት ልጅ ጭንቅላት በብዙ ይሻላል። የቴሌብርና የባንክ ፒን ግን እዚያ አይጻፍም። እሱ በጭንቅላቷ ነው።

ደብተሩ ላይ አንድ ቁጥር ጨምሩ። ስልኩ ላይ *#06# ስትጫኑ የሚመጣውን አሥራ አምስት አሃዝ ገልብጡ። የስልኩ መለያ ነው፣ ከተሰረቀ ለፖሊስ ይጠቅማል። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ሁለት ቁጥር ያመጣል፣ ሁለቱንም ጻፉ።

መቆለፊያው

ብዙ እናቶች ስልካቸው ላይ ቁልፍ የላቸውም፣ «ያስቸግረኛል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ያስቸግራል። እንዳያስቸግር አድርጎ መሥራት የእናንተ ድርሻ ነው።

ስድስት አሃዝ ፒን ይበቃል። የትውልድ ዓመትና የስልክ ቁጥር መጨረሻ አይሁን። ጣት እየጎተቱ የሚሳለው ፓተርን አይመቸኝም። ዘይት የነካው ጣት መስታወቱ ላይ መስመሩን ጥሎት ይሄዳል፣ ሌላ ሰው ብርሃን ላይ ገልበጥ አድርጎ ያነበዋል።

አሻራ ጥሩ ነው፣ ግን ዓሳ ለሚበልት እጅ አስተማማኝ አይደለም። ቅርፊትና ቢላ የጣትን መስመር ይበላዋል፣ እርጥብ ጣትንም ስልኩ አያነበውም። የአክስቴን አሻራ የምናስገባው ሥራ በማይኖርበት ቀን ጠዋት፣ እጇ ታጥቦ ሲደርቅ ነው። ደግሞ የቀኝ አውራ ጣቷን ብቻ አይደለም። ቢላ የማይነካውን የግራ ትንሽ ጣትም እንጨምራለን። ያልተጠበቀ ነገር ይመስላል፣ ከሁሉ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

ቀጥሎ ኖቲፊኬሽን ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የመልእክት ይዘት እንዳይታይ አድርጉ። አለበለዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያየ ሰው ሁሉ ለማረጋገጫ የሚላከውን ቁጥር ሳይከፍት ያነበዋል።

ሲሙም የራሱ ፒን አለው። ስልኩ ተሰርቆ ሲሙ ሌላ ስልክ ላይ ቢገባ ይህ ፒን ያስቆመዋል። ይህን ፒን የምታበሩት ግን ሲሙ የመጣበት ካርድ በእጃችሁ ካለ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ካርዱ ላይ የታተመውን ፒዩኬ የሚባል ቁጥር ይጠይቃል፣ እሱንም አሥር ጊዜ ከሳታችሁ ሲሙ ይሞታል። ካርዱ ከሌለ አትገምቱ፣ እለፉት።

ስክሪኑን ማራገፍ

ይህ ክፍል ደስ ይላል፣ ውጤቱ ወዲያው ይታያልና።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምትጠቀምባቸውን ብቻ አስቀሩ። የአክስቴ ላይ መደወያ፣ መልእክት፣ ቴሌብር፣ ቴሌግራምና ካሜራ አሉ፣ ሌላ የለም። የቀረውን ከገጹ አንሱት፣ አፑ አይጠፋም።

ከሥር የምትደውልላቸውን ሰዎች በፎቷቸው አስቀምጡ። ኮንታክቱ ላይ ፎቶ ጨምሩ፣ ከዚያ ገጹ ባዶ ቦታ ላይ ጣታችሁን ስታቆዩ ከሚመጣው ዊጄት ከሚለው ውስጥ ቀጥታ መደወያውን መርጣችሁ ገጹ ላይ ጣሉት። የእህቷ ልጅ ፊት ተነካ፣ ተደወለ። ማንበብ ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ፎቶው ግን ፊት ብቻ ይሁን። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ከሩቅ የተነሳ ሰው ትንሽ ክብ ውስጥ አይለይም።

ዲስፕሌይ ውስጥ ገብታችሁ ፊደሉን አሳድጉ። መነጽር ሳታደርግ እስክታነበው ጨምሩ፣ ለእናንተ ቢያስጠላችሁም። ሳምሰንግ ከሆነ ኢዚ ሞድ የሚባል አለ፣ ምልክቶችንና ፊደልን ባንዴ ያተልቃል፣ ጣት ሲቆይም ቶሎ አይደነግጥም። ሐይቁ ዳር ፀሐዩ ስለሚበረታ ብርሃኑ በራሱ እንዲስተካከል አብሩት።

መጨረሻ ላይ የገጹን አቀማመጥ ቆልፉ። ባዶ ቦታ ላይ ጣታችሁን ስታቆዩ በሚመጣው ሴቲንግ ውስጥ አብዛኛው ስልክ ይህ ምርጫ አለው። «አፑ ጠፋብኝ» የሚለው ስልክ ጥሪ ግማሹ ጣት ሳይታወቅ ቆይቶ ምልክቱን ስለጎተተው የሚመጣ ነው።

ቋንቋውን ወደ አማርኛ ልቀይረው ወይ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አማርኛ የምታነብ ከሆነ ቀይሩት፣ ግን በስልክ የሚረዳት ልጅም የራሱን ስልክ ይቀይር። አንዱ እንግሊዝኛ፣ ሌላው አማርኛ እያየ «የቱን ልንካ?» መባባል ያደክማል።

መጻፍ ለሚከብዳት ደግሞ የጉግልን ኪቦርድ ጫኑና አማርኛን ጨምሩ። ማይክራፎኑን ነክታ ስትናገር ይጽፍላታል። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ የጀመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ እስከ ዛሬ የማያውቀው ሰው ብዛት ይገርመኛል። ዳታ ይፈልጋል እንጂ ይሠራል።

ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አፕ

አፕ በሁለት መንገድ ይገባል። አንዱ ፕሌይ ስቶር ነው። ሌላው በቴሌግራም ወይም በዜንደር የሚላክ ፋይል ነው። ሁለተኛውን መንገድ ዝጉት።

ሴቲንግ ውስጥ «ያልታወቁ አፖችን መጫን» የሚል ፈልጉ። ቴሌግራም፣ ክሮም፣ ዜንደርና ፋይል ማኔጀር ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። የተፈቀደላቸውን ሁሉ አጥፉ። ከዚያ በኋላ ማንም «የባንኩ አዲስ አፕ ነው» ብሎ ፋይል ቢልክ ስልኩ ራሱ እምቢ ይላል።

ቀጥሎ ያሉትን አፖች አንድ በአንድ እዩ። ስልክ አጽዳለሁ፣ ባትሪ እቆጥባለሁ፣ ፍጥነት እጨምራለሁ የሚሉ አፖች ይውጡ። ያንቀራፈፉት ራሳቸው ናቸው። የእጅ ባትሪ አፕ አያስፈልግም፣ ስልኩ የራሱ አለው። ማንም የማያስታውሰውን ብድር ሰጪ ነኝ ባይ አፕ ካገኛችሁ ሳትጠይቁ አውጡት።

አክሰሲቢሊቲ የሚለው ውስጥም ግቡ። እዚያ የተፈቀደለት አፕ ስክሪኑን ማንበብና በሷ ፈንታ መንካት ይችላል። ለዓይነ ስውራን ተብሎ የተሠራ ጠቃሚ ነገር ነው፣ ሌቦችም ይወዱታል። የማታውቁት ስም ካለ አጥፉት፣ ከዚያ አፑን አውጡት። ከዚያ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለውን የአፕ መፈተሻ ከፍታችሁ አንዴ አስፈትሹ።

«ስልክዎ ቫይረስ አለበት» እያለ ከላይ የሚመጣ መልእክት ካለ ብዙ ጊዜ ቫይረስ አይደለም። አንድ ቀን ክሮም ላይ ዌብሳይት ፈቃድ ጠይቋት «እሺ» ብላለች፣ በቃ። መልእክቱ ላይ ጣታችሁን አቆዩና አጥፉት።

ገንዘቡ

ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ዓሳ መጥበሻው ድረስ ይገባል ያለ ብዙ ሰው አልነበረም። ዛሬ አክስቴ ጋ ዝርዝር የሚይዝ ደንበኛ ብርቅ ነው። ማጭበርበሩም አብሮ መጥቷል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። ዘይቱ ይንጫጫል፣ ሦስት ሰው ቆሟል። አንዱ «ከፍያለሁ» ብሎ ስልኩን ከሩቅ ያሳያል። አረንጓዴ ምልክት አለ፣ የብር መጠን አለ። አክስቴ እጇ ሊጥ ነው። «እሺ የኔ ልጅ» ትላለች። ያየችው ግን የትናንት ፎቶ ሊሆን ይችላል፣ የተቀነባበረ ስክሪን ሾትም ሊሆን ይችላል። የደንበኛ ስክሪን ደረሰኝ አይደለም። ደረሰኝ የሚባለው የሷ ስልክ ላይ የገባው ነው።

መልእክት ገብቷል ማለትም አይበቃም። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ይዘቱን ቃል በቃል ገልብጦ ከ09 ወይም ከ07 ቁጥር የሚልክ አለ። ስለዚህ እንዲህ አለማምዷት፦ መጀመሪያ መልእክቱ የመጣበትን ቁጥር ትይ፣ ከዚያ የሂሳቡን ቀሪ ትይ። ቀሪው ካልጨመረ ብር አልገባም። ሌላ ክርክር የለም።

ለ127ና ለባንኳ መልእክት ብቻ የተለየ ድምፅ ስጧቸው። መልእክቱን ከፍታችሁ ከላይ ሦስቱን ነጥብ ስትነኩ ኖቲፊኬሽኑ ውስጥ ድምፅ መምረጥ ይቻላል። ዘይት እየገለበጠች ድምፁን ከሰማች ከ127 የመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ከሌላ ቁጥር የተላከ ሐሰተኛ መልእክት ያንን ድምፅ አያወጣም። በጣም ቀላል ዘዴ ነው፣ እኔ ከሁሉ የምወደውም ይህንን ነው።

ዳታ በሌለበት ቀን እንዳትቸገር *127# አሳዩዋት። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ቀሪ ማየትም መላክም ይቻላል። የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆነች *889# አለ። እነዚህን በስም ኮንታክት ውስጥ አስቀምጡላት፣ «የቴሌብር ቀሪ» ብላችሁ።

ከዚያ የስልክ ጥሪዎቹ አሉ። ዘዴያቸው ጥቂት ነው፣ ድምፁ ይለዋወጣል እንጂ።

«ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ቁጥርዎ ዕጣ ወጥቶለታል፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን።» የሚደርሰው ቁጥር ዕጣ አይደለም፣ የሷን አካውንት በሌላ ስልክ የሚከፍት ቁልፍ ነው።

«እናቴ፣ በስህተት ብር ልኬልሽ ነው፣ ልጄ ታሟል፣ እባክሽ መልሺልኝ።» ይሄ ልብ ይነካል። መጀመሪያ ቀሪ ትይ። አብዛኛውን ጊዜ የገባ ነገር የለም። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም ራሷ መልሳ አትላክ። «ለ127 ደውለህ አመልክት፣ እነሱ ያስተካክሉታል» ትበል። እውነተኛው ሰው ይሄዳል፣ አጭበርባሪው ይሳደባል።

«ከባንክ ነው፣ አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፣ ፋይዳ ለማያያዝ ፒንዎን ይንገሩን።» ፒን የሚጠይቅ የባንክ ሠራተኛ የለም። አካውንቱ ይዘጋል ካሏት ስልኩን ዘግታ ራሷ ወደ ባንኩ ትደውል፣ ለንግድ ባንክ 951፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994። እነሱ በደወሉበት ቁጥር መልሳ አትደውል።

እናቶቻችን ስልክ ሰው ላይ መዝጋት ነውር ይመስላቸዋል። አጭበርባሪው የሚኖረው በዚህች ትሕትና ነው። ስለዚህ «ዝጊው» ብቻ አትበሏት፣ የምትለውን አፏ ላይ አስቀምጡላት። የኛ ቤት ዓረፍተ ነገር «የስልኩን ነገር ልጄ ነው የሚያውቀው፣ ለሱ ደውሉ» የሚል ነው። ብላ ትዘጋለች። ማንንም አልሰደበችም፣ ምንም አልሰጠችም።

ሌላው መጠን ነው። ስልኩ ላይ የሳምንት መንቀሳቀሻ ብቻ ይቀመጥ፣ ቀሪው በየጊዜው ወደ ባንክ ይግባ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ፒኗን ደግሞ ለሰፈር ልጅ አትስጥ፣ «ካርድ ሙላልኝ» ብላም ቢሆን። መሙላቱን ራሷ ትልመደው።

ቴሌግራም

የቴሌግራሙ ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ውስጥ ግቡና ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ሁለተኛ ፓስወርድ አብሩ። ማገገሚያው ያ አዲሱ ጂሜይል ይሁን። ይህ ካለ አንድ ሰው በማታለል የመግቢያ ቁጥሩን ቢያገኝ እንኳ መግባት አይችልም። ፓስወርዱን ደብተሩ ላይ ጻፉ።

እዚያው ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ። ከሷ ስልክ ሌላ የገባ ካለ ሁሉንም አስወጡ። ግሩፕ ውስጥ ማን ሊያስገባት እንደሚችል ወደ ኮንታክቶቿ ብቻ ዝቅ አድርጉት፣ የማይታወቁ የንግድ ግሩፖች መግባታቸው ይቀራል።

የጓደኛ አካውንት ተጠልፎ «አንድ ሺ ብር ቶሎ ላኪልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ሲመጣ መልሱ መጻፍ አይደለም። ደውላ ድምፅ ትስማ። የጓደኛዋን ድምፅ ካልሰማች ብር አይወጣም።

ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ዳውንሎድ እንዳይሆንም ዝጉት። የሚሞሪውና የጥቅሉ ችግር ግማሹ እዚህ ያልቃል። ሌላው ግማሽ ሳትጠቀም ዳታ ማጥፋትን መልመድ ነው፣ ጥቅል አልቆ ዳታ ክፍት ከሆነ ዋናው ሂሳብ ሊበላ ይችላል።

ውኃና ሌባ

ሐይቅ ዳር ስለምንኖር ስልክ ውኃ ውስጥ መውደቁ አይቀርም። ወደ ዘጌ በጀልባ ሲኬድ ጎንበስ ብሎ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አለ፣ የደረት ኪስም አለ። ወዲያው አጥፉት። ሽፋኑንና ሲሙን አውጡ። ቻርጀር የሚሰካበትን ወደ ታች አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ነፋሻ ጥላ ቦታ ላይ አቆዩት። ቢያንስ አንድ ቀን ቻርጅ አይደረግም፣ ለማየትም አይበራም።

ፎገራ ከጎናችን ስለሆነ ሩዝ አይቸግረንም፣ ሁሉም ስልኩን ሩዝ ውስጥ ይቀብራል። አፕል ሳይቀር በ2024 እ.ኤ.አ. ለደንበኞቹ ይህን አታድርጉ ብሏል፤ የሩዝ ብናኝ ገብቶ ሊጎዳው ይችላል። ሩዙን ብሉት።

ባጃጅ ውስጥ ከቀረ ወይም ከተሰረቀ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ከሰው ስልክ 994 ተደውሎ ሲሙ ይታገድ። ከዚያ 127ና ባንኩ። ከዚያ በልጇ ስልክ የጉግልን ስልክ መፈለጊያ ከፍቶ በደብተሩ ጂሜይል መግባት፤ ስልኩ በዋይፋይ ወይም በሌላ ሲም ኢንተርኔት ካገኘ ቦታውን ያሳያል፣ ከሩቅ መቆለፍም ውስጡ ያለውን ማጥፋትም ይቻላል። ቦታውን ቢያሳያችሁ ለፖሊስ ስጡ፣ ራሳችሁ ደጁን አታንኳኩ። በነጋታው መታወቂያ ይዛ ሲሙን ታስወጣለች።

እነዚህን ቁጥሮች በትልቁ ጽፋችሁ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ስልኩ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ቁጥር ስልኩ ሲጠፋ አይጠቅምም።

ከመሄዳችሁ በፊት

ስልኩን መልሱላትና እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ሁሉንም ራሷ ትሥራው። በፎቶ ትደውል፣ ቀሪ ትይ፣ ትንሽ ብር ትላክላችሁ፣ የድምፅ መልእክት ትላክ። ስትቆም አትንጠቁ። «ቀጥሎ የቱ ይመስልሻል?» በሉ። እኛ ልጆች ትዕግሥት የለንም፣ «አምጪው እኔ ልሥራልሽ» እንላለን። ያኔ ትምህርቱ ተቋረጠ።

በማግሥቱ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። ከማታውቀው ቁጥር የጓደኛችሁን ድምፅ ተውሳችሁ አስደውሉላት። «ከቴሌ ነው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይበል። ቁጥሩን ከሰጠች ሳትቆጡ ወደ ገንዘቡ ክፍል ተመልሳችሁ ቡና እየጠጣችሁ እንደገና አውሩ። «ለልጄ ደውሉ» ብላ ከዘጋች ጨርሳችኋል፣ ጓደኛችሁም አይቀየም።